የወደብ ሙዚየም ስትገቡ መርከቡን ጠይቁ

ቤልጂየም ውስጥ አንትወርፕ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እዚያ ውሃው ዳር አንድ ቀይ ሕንፃ ቆሟል፤ ሙዚየም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትልልቅ ሣጥኖችን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ አንዱን ባንዱ ላይ የደረደሩት ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ዓይናችሁ ሌላ ነገር ላይ ይቀራል። ግድግዳው ላይ እጆች አሉ። መዳፍ ከነጣቶቹ፣ በብረት የተቀረጸ፣ ከ3,000 በላይ። መጀመሪያ ሳያቸው እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ኮንጎ ነው።

እጆቹ የመጡት ግን ከሌላ ታሪክ ነው። ከተማዋ የቆየ ተረት አላት። ድሮ በስኬልት ወንዝ ዳር አንድ ግዙፍ ሰው ይኖር ነበር ይላሉ። በወንዙ የሚያልፈውን ጀልበኛ ሁሉ ቀረጥ ያስከፍላል፤ አልከፍልም ያለውን እጁን ቆርጦ ይጥላል። በኋላ ብራቦ የሚባል የሮማ ወታደር መጣና ግዙፉን ገደለው፣ የእሱንም እጅ ቆርጦ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። የአንትወርፕ ስም ራሱ «እጅ መወርወር» ከሚል የወጣ ነው ይባላል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ባይቀበሉትም ሕዝቡ ይወደዋል። ስለዚህ እጅ የከተማዋ ምልክት ነው። ብስኩት በእጅ ቅርጽ ይጋገራል፣ ቸኮሌትም እንዲሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ብራቦ የተቆረጠውን እጅ ሊወረውር ሲል የሚያሳይ ሐውልት አለ። የቆመው በ1887 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

1887ን ያዙልኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885፣ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ኮንጎን የግል ርስቱ አድርጎ ነበር። ሐውልቱ ከቆመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በኮንጎ ጫካዎች ውስጥ የእውነተኛ ሰዎች እጅ መቆረጥ ጀመረ። ከጫካ እንዲያመጡ የታዘዙትን ጎማ ባለማምጣታቸው። ተረቱ ከኮንጎ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፣ የሙዚየሙን ግድግዳ ያስጌጡትም ሰዎች የከተማቸውን ምልክት ነው ያስቀመጡት። ይህን አውቃለሁ። ግን ከአፍሪካ የመጣ ሰው እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሞ ሌላ ነገር ማሰብ ይችላል? እኔ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልበላችሁ። የወደብ ከተማ ሙዚየም ውስጥ የምታዩት ዕቃ፣ በተለይ ከሩቅ አገር የመጣው፣ በአንድ ወቅት ጭነት ነበር። የሆነ ቦታ ተጭኗል። የሆነ መርከብ አምጥቶታል። የሆነ ሰው ተከፍሎታል፣ ወይ ሳይከፈለው ቀርቷል። መግለጫውን ስታነቡት ግን ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የለም። «ጭምብል፣ እንጨት፣ ኮንጎ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ይልና ያበቃል። ማን ሠራው? ከማን እጅ ወጣ? በስንት? ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ዙሪያ ያለው ክርክር በሙሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው፣ መልሱም ያለው ወደብ ላይ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ትንሽ ልንገራችሁ። ስሙ ማስ ይባላል፤ በደች ቋንቋ «ወንዝ ዳር ያለው ሙዚየም» የሚለው ሲያጥር ነው። በግንቦት 2011 ተከፈተ። 60 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ቀዩ ድንጋይ ከህንድ የመጣ ነው፣ በፎቆቹ መሀል ደግሞ እንደ መጋረጃ የተጠማዘዘ ትልልቅ መስታወት አለ። ግራና ቀኙ በናፖሊዮን ዘመን የተቆፈሩ የመርከብ ማቆሚያ ገንዳዎች ናቸው። ሙዚየሙ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ላይ የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ትልቅ የንግድ ቤት ነበር፤ በ1893 ተቃጠለ። በተንቀሳቃሽ ደረጃ እየዞራችሁ ትወጣላችሁ፣ በየፎቁ መስታወቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይከፈታል፣ ከተማዋ ቀስ እያለች ከሥራችሁ ትዘረጋለች። ይህ መውጫ በነፃ ነው፣ ጣሪያው ላይ መቆምም በነፃ ነው። ኤግዚቢሽኑ ክፍል ለመግባት ብቻ ነው ትኬት የሚጠየቀው። በጣም ደስ ያለኝ ነገር ይኼ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ማታ ማታ እዚያ ወጥተው ቁጭ ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሙዚየም በወደብ ከተሞች ውስጥ ለምን በዛ? ማርሴይ ላይ በ2013 አንድ ተከፈተ። ሊቨርፑልና ብሪስቶል በ2011፣ አንትወርፕ ማስን በከፈተችበት ዓመት ማለት ነው፣ የየራሳቸውን ከፈቱ። ምክንያቱ ኮንቴይነር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጭነት በብረት ሣጥን መጓዝ ሲጀምር መርከቦቹ እየገዘፉ ሄዱ። በከተማው መሀል ያለው አሮጌ ገንዳ አልበቃ አላቸው። ወደቡ ወደ ባሕሩ እየሸሸ ሄደ፣ ወዛደሩም ሥራ አጣ፣ የድሮው መጋዘን ባዶውን ቀረ። ሰፈሩ ጭር አለ። ከተሞቹ ባዶውን ቦታ እንደገና ሰው እንዲረግጠው ሲያስቡ ሙዚየም ሠሩበት፣ ከሙዚየሙ ኋላ ካፌው መጣ፣ ከካፌው ኋላ ውድ አፓርታማ። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው፣ አሁን አልገባበትም። ለእኔ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ድሮ ዕቃው ከመርከብ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ዛሬ ያው ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ጭነቱና ማሳያው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

የማስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ክፍል አለ። መጋዘኑ ነው። ሙዚየሙ ከከተማዋ የድሮ ሙዚየሞች፣ ከመርከብ ሙዚየሙ፣ ከባህል ሙዚየሙና ከሌሎቹም የተሰበሰበ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ዕቃ አለው። ለእይታ የሚቀርበው ጥቂቱ ነው። ሌላው መደርደሪያና መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ይህ በየትኛውም ትልቅ ሙዚየም ያለ ነው። ማስ ግን ከመጋዘኑ የተወሰነውን ጎብኚ እንዲያየው ከፍቶታል። በፍርግርጉ ውስጥ አሻግራችሁ ስታዩ፣ ዕቃው ጌጥ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ታሪክ አልተጻፈለትም። ቁጥር ብቻ ነው የተንጠለጠለበት።

ያ ቁጥር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በብዙ ሙዚየሞች የዕቃው መለያ ቁጥር የሚጀምረው ሙዚየሙ በተረከበበት ዓመት ነው። ስለዚህ መግለጫው ምንም ባይል እንኳ ከሥሩ በደቃቅ የተጻፈችውን ቁጥር ማንበብ ከቻላችሁ ዕቃው መቼ እንደደረሰ ትይዛላችሁ። ዓመቱን ከያዛችሁ ደግሞ ያን ጊዜ እዚያ አገር ምን ይደረግ እንደነበር ማየት ነው። ጦርነት ነበር? ቅኝ ገዢ ነበር? የአንትወርፕ የኮንጎ ስብስብ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ዓመት 1920 ነው። ያኔ ከተማዋ ብዙ የኮንጎ ዕቃ በአንድ ጊዜ ተረከበች። መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ከ2020 እስከ 2021፣ ሙዚየሙ 100 ዕቃዎችን መርጦ እንዴት እንደመጡ የሚጠይቅ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። «ቆንጆ ነው» ከማለት አልፎ «እንዴት እጃችን ገባ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሙዚየም ሊመሰገን ይገባዋል። የዘገየ ቢሆንም።

አሁን ወደ ወደቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም የኮንጎ ግፍ ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ወደብ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኤድመንድ ሞሬል የሚባል ወጣት ነበር። ኤልደር ዴምፕስተር በሚባል የሊቨርፑል የመርከብ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነው። ድርጅቱ በአንትወርፕና በኮንጎ መካከል ጭነት ያመላልስ ነበር፣ ሞሬል ደግሞ ፈረንሳይኛ ስለሚችል ወደ አንትወርፕ እየተላከ ሥራውን ይከታተላል። እዚያ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን አስተዋለ። ከኮንጎ የሚመጣው መርከብ ጎማና የዝሆን ጥርስ ጢም ብሎ ሞልቶት ይደርሳል። ወደ ኮንጎ የሚሄደውስ? ጠመንጃ። ጥይት። የጦር መኮንን። ለሕዝቡ የሚሸጥ ሸቀጥ የለም ማለት ይቻላል።

ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ንግድ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ሁሉ ጎማ ክፍያ የሚሆን ነገር መሄድ ነበረበት። ጨርቅ፣ ጨው፣ ገንዘብ፣ የሆነ ነገር። የሚሄደው ግን ጥይት ነው። ሞሬል ኮንጎን በእግሩ ሳይረግጥ፣ ከጭነቱ ዝርዝር ብቻ፣ ሕዝቡ በጠመንጃ እየተገደደ በነፃ እንደሚሠራ ገባው። ሥራውን ለቆ ዘመቻ ጀመረ። በ1904 የኮንጎ ጉዳይ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፣ ጩኸቱም እየበረታ ሄዶ በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂየም መንግሥት አስረከበ። ቅኝ ግዛቱ አላበቃም፣ እስከ 1960 ቀጥሏል፣ ግን ያ የግል ርስት የተባለው ነገር አበቃ። አንድ ጸሐፊ መዝገብ በማየቱ ነው ነገሩ የጀመረው። እኔ ይህን ታሪክ ከየትኛውም የወርቅ ጭምብል በላይ እወደዋለሁ።

የእጁ ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር። የሊዮፖልድ ወታደሮች የተሰጣቸውን ጥይት አውሬ ለማደን እንዳያባክኑት ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ለተኮሱት ጥይት ማስረጃ እንዲያመጡ ተደረገ፣ ማስረጃውም የተገደለው ሰው እጅ ነው። ጥይቱን ለአደን ያዋለው ወይም የሳተው ወታደር ቁጥሩን ለመሙላት የሕያው ሰው እጅ ይቆርጣል። ሕፃን ሳይቀር።

ሰዎችም በዚያው ወደብ መጥተዋል፣ ለመታየት። በ1894 አንትወርፕ ባዘጋጀችው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ከ100 በላይ ኮንጎዎች መጥተው እንደ ዕቃ ለሕዝብ ታይተዋል። በ1897 ደግሞ ብራስልስ አጠገብ ተርቩረን ላይ 267 ሰዎች መጡ፤ በቤልጂየም ብርድ 7ቱ ሞቱ፣ መቃብራቸው ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አለ። ከዚያ ትርኢት ነው የዛሬው የተርቩረን የአፍሪካ ሙዚየም የተወለደው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋውም መርሳት እንዳይችል ሙዚየሙ ራሱ ፊቱ ቆሞበታል።

ከተርቩረን ስብስብ አንድ ዕቃ ላሳያችሁ። ንኪሲ ንኮንዴ ይባላል፣ ከእንጨት የተቀረጸ የሰው ምስል ነው። መላ ሰውነቱ ላይ ምስማርና ስለታማ ብረት ተመቷል። እንዲያው ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል። ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ፣ ሲማማሉ፣ ሲታረቁ ወይም ዳኝነት ሲጠይቁ ነው አንድ ምስማር የሚመታው። ምስማሩ ቃሉን ያስራል፣ ቃሉን ያፈረሰውን ምስሉ ይከታተለዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስማር አንድ ጉዳይ ነው። ምስሉ የአገሩ ፍርድ ቤትና መዝገብ ቤት ነበር ማለት ነው። ይህኛው ቦማ የምትባለው የኮንጎ ወንዝ ወደብ አካባቢ የአለቃ ኔ ኩኮ ነበር። በ1878 አሌክሳንደር ዴልኮሙን የሚባል ቤልጂየማዊ ነጋዴ ከነሰዎቹ መንደሩን ወርሮ ወሰደው። አለቃው እንዲመለስለት ጠየቀ። ዴልኮሙን እምቢ አለ። ልብ በሉ፣ «መልሱልን» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘመን የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቃው ገና አገሩን ሳይለቅ ተጠይቋል።

እንግዲህ ዛሬ ምን እየተደረገ ነው? ቤልጂየም ውስጥ በ2020 ብዙ ነገር ተንቀሳቀሰ። በሰኔ ወር አንትወርፕ ውስጥ ኤከረን በሚባለው ሰፈር የነበረው የሊዮፖልድ ሐውልት ተቃጥሎ ከቆየ በኋላ ተነሣ። በወሩ መጨረሻ ንጉሥ ፊሊፕ ለኮንጎው ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጽፈው በደረሰው ነገር «ጥልቅ ጸጸት» እንደተሰማቸው ገለጹ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም። በ2022 ደግሞ ነገሩ ከቃል ወደ ዕቃ ተሸጋገረ። በየካቲት 84,000 ያህል ዕቃዎች የሰፈሩበት ዝርዝር ለኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሰጠ። በሰኔ ንጉሡ ኪንሻሳ ሄደው ካኩንጉ የሚባለውን ትልቅ ጭምብል ለብሔራዊ ሙዚየሙ አስረከቡ። በዚያው ወር የተገደለው የኮንጎ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የፓትሪስ ሉሙምባ ጥርስ፣ ከአካሉ የተረፈው ብቸኛ ነገር፣ ለልጆቹ ተመለሰ። በሐምሌ ዕቃ ስለመመለስ ሕግ ወጣ።

ጭምብሉ ግን የተሰጠው «ገደብ በሌለው ውሰት» ነው። ቆም ብለን እናስበው። ከቤትህ የወጣውን ዕቃ ጎረቤትህ መልሶ ሲያመጣልህ «አውሼሃለሁ» ቢልህ ምን ይሰማሃል? ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሌላ መንገድ አልነበረም ይባላል፣ ይገባኛል፣ ግን ባለቤትነት ወረቀት ላይ የማን እንደሆነ ትልቅ ነገር ነው። ነገ ቤልጂየም ውስጥ አንድ አዲስ መንግሥት መጥቶ «መልሱልን» ቢልስ?

ሕጉንም በደንብ ማየት ያስፈልጋል። የሚመለከተው የቤልጂየም ፌዴራል መንግሥትን ስብስብ ነው፣ ማለትም በዋናነት ተርቩረንን። ዕቃ ለመመለስም ከባለቤት አገሩ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት መፈረም አለበት። የሰው አጽምና የመዝገብ ሰነድ ሕጉ ውስጥ አልገቡም። የአንትወርፑ ማስ ደግሞ የከተማው ንብረት ነው። ስለዚህ ብራስልስ ያወጣችው ሕግ ያን መጋዘን አይነካውም። በአንድ አገር ውስጥ፣ ከአንድ መንደር በአንድ ቀን የተወሰዱ ሁለት ጭምብሎች ቢኖሩ፣ አንዱ ተርቩረን ሌላው አንትወርፕ ቢደርስ፣ ዕጣቸው ለየብቻ ነው። የባለቤትነት ጉዳይ ይህን ያህል ያወሳስበዋል፣ ብዙ ጎብኚም ይህን አያውቅም።

ከተማ ከፈለገ ግን ይችላል። ኔዘርላንድስ በ2025 ለናይጄሪያ 119 የቤኒን የነሐስ ቅርሶችን መለሰች። እንግሊዞች በ1897 የቤኒንን፣ ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ያለውን የድሮ መንግሥት፣ ቤተ መንግሥት አቃጥለው የወሰዷቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 113ቱ የመንግሥት ሲሆኑ 6ቱ የሮተርዳም ከተማ ንብረት ነበሩ። ሮተርዳም የአውሮፓ ትልቁ ወደብ ነው፣ አንትወርፕ ሁለተኛው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ሌላዋ ትልቅ ወደብ ሃምቡርግም የነበሯትን የቤኒን ቅርሶች ባለቤትነት በ2022 ለናይጄሪያ አስተላልፋለች፤ ከፊሎቹ በውሰት እዚያው ቀርተዋል። ልዩነቱን አያችሁት? እዚህ የሚዋሰው የድሮው ያዥ ነው፣ ባለቤቷ ናይጄሪያ። ኪንሻሳ ላይ ተገላቢጦሹ ነው የሆነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ወሬ ስንሰማ መቅደላ ትዝ ይለናል፣ ትዝ ሊለንም ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ግምጃ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። መጽሐፉ፣ ጽዋው፣ ዘውዱ፣ ታቦቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፣ ከዚያ የጦሩ መርከቦች ወደቆሙበት ወደ ዙላ ባሕር ዳርቻ። አሁንም ወደብ! ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው መንገድ ነው የሄደው፤ 18 ዓመቱ ላይ በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ።

ከዚያ የሄዱ 11 ታቦቶች ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ናቸው። ለእይታ አይቀርቡም። ከቤተ ክርስቲያናችን ካህናት በቀር ማንም እንዲያያቸው አይፈቀድም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች ራሳቸው አያዩአቸውም። የሃይማኖቱን ክብር ጠብቀዋል፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን ለማንም የማይታይ፣ ለማንም የማይጠና፣ የማይሳለሙት ዕቃ ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም በበቂ አልመለሰልኝም። ኤድንበርግ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ታቦት አገኘ፣ አወቀው፣ በ2002 መለሰው። አዲስ አበባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያደረገውን ትልቁ ሙዚየም የ1963 ሕግ ያስረኛል ይላል። ሕግ ደግሞ ሰው ያወጣው ነው፤ ቤልጂየምም ጀርመንም ሕጋቸውንና አሠራራቸውን ቀይረዋል።

ሁልጊዜ የሚነሣ ሌላ ክርክር አለ። «ብንመልስላቸው ይጠብቁታል ወይ?» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሉ በክፋት አይሉትም፣ አንዳንዶቹ ከልባቸው ለዕቃው ይሰጋሉ። ግን በነሐሴ 2023 ብሪቲሽ ሙዚየም ራሱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ከመጋዘኑ እንደጠፉ፣ እንደተሰረቁ ወይም እንደተጎዱ ታወቀ። ስጋቱ የአፍሪካ ብቻ አይደለም እንግዲህ። ኪንሻሳ በ2019 በኮሪያ እርዳታ የተሠራ አዲስ ብሔራዊ ሙዚየም ከፍታለች። ዳካር፣ እሷም የወደብ ከተማ ናት፣ በታኅሣሥ 2018 የጥቁር ሥልጣኔዎች ሙዚየምን ከፍታለች፤ 18,000 ያህል ዕቃ መያዝ ይችላል። ሰፊ ቤት ነው፣ ያለው ዕቃ ግን ከቤቱ ያንሳል። የአክሱምን ሐውልትም አስታውሱ። ጣሊያን ስትመልስ በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 ቆመ፣ አሁንም አለ።

ስለ ብሪስቶል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ምክንያቱም ዕቃ የማሳየት ሌላ መንገድ ያስተማረኝ እዚያ የሆነው ነው። ኤድዋርድ ኮልስተን የባሪያ ንግድ ድርጅት መሪ ነበር፤ እሱ በነበረበት ዘመን ድርጅቱ ከ80,000 በላይ አፍሪካውያንን በመርከብ አግዟል። ከተማው በ1895 ሐውልት አቆመለት፣ «ቸር ሰው» ተብሎ። በሰኔ 2020 ሰልፈኞች በገመድ ጎትተው ጣሉት፣ እያንከባለሉ ወስደው ወደቡ ውሃ ውስጥ ከተቱት። ከጥቂት ቀን በኋላ ወጣ። ዛሬ እዚያው ወደቡ ዳር ባለው ኤም ሼድ በተባለ ሙዚየም ውስጥ ነው። አልታጠበም ማለት ይቻላል፣ የሰልፈኞቹ ቀለም እንዳለ ነው፣ አልቆመምም። ተጋድሞ ነው የሚታየው። የሐውልቱ ታሪክ ሙሉው አለ፤ ማን አቆመው፣ ማን ጣለው፣ ለምን። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው። መንገዱ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ኮንጎ ጭምብል ፊት ስቆም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ጭምብሉን እንዲደብቁብኝ አልፈልግም። ውበቱን ላይ፣ የጠራቢውን እጅ ላድንቅ፤ ያ ጠራቢ ስሙ ባይጻፍም ጎበዝ ሰው ነበር። ግን አጠገቡ የመጣበት መንገድ ይጻፍልኝ። ገዝተውት ከሆነ በስንት፣ ወስደውት ከሆነ ማን። ካልታወቀ ደግሞ «አናውቅም» ይበሉ። ያም መልስ ነው፣ አስቀያሚ ግን እውነተኛ መልስ።

እናንተም አውሮፓ የምትኖሩ፣ ወይ ለሥራ ለትምህርት የምትመጡ፣ የወደብ ከተማ ስታልፉ ሙዚየሙን ግቡበት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። አንድ ቀን አይበቃም፣ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ፤ ሦስት ዕቃ ምረጡና እያንዳንዱ ፊት ሩብ ሰዓት ቁሙ። ቁጥሩን አንብቡ። ዓመቱን ያዙ። «ስጦታ» የሚል ካለ ሰጪው ማን እንደነበር ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የጦር መኮንን፣ የመርከብ ካፒቴን፣ የጎማ ነጋዴ ወይም ሚሲዮናዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ ሙዚየሞች ስብስባቸውን ኢንተርኔት ላይ ስላወጡት ቤት ሆናችሁም መቀጠል ትችላላችሁ። አሁን ደግሞ ለጠያቂ መልስ የሚሰጥ፣ የዕቃዎቹን ታሪክ ብቻ የሚያጠና ሠራተኛ ያላቸው ሙዚየሞች እየበዙ ነው። ጠይቁ፣ አትፈሩ። የሚጠይቅ ሰው በበዛ ቁጥር ከመጋዘን የሚወጣው መዝገብ ይበዛል።

በመጨረሻ ቀኔ አንትወርፕ ላይ ይህንኑ ሞከርኩ። አንዲት ትንሽ የእንጨት ምስል ፊት ቆሜ ጥበቃ ላይ የነበረውን ወጣት «ይቺ በየትኛው መርከብ ነው የመጣችው?» አልኩት። ፈገግ አለ፣ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ። አላውቅም አለኝ፣ ግን ትቶኝ አልሄደም፤ ጎንበስ ብሎ ከመግለጫው ሥር ያለችውን ቁጥር አየና በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። «በዚህ ቁጥር ጻፍላቸው፣ መዝገቡን ያዩልሃል» አለ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ወረቀቷን እንደያዝኩ ወንዙን አየሁ። ከታች አንድ ረጅም የጭነት ጀልባ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ እየወረደ ነበር። ባሕሩ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አይታይም። ማታውኑ ጻፍኩላቸው።